ጅብን ወደ ደጃፍ የሚጠራው የተጣለ ሥጋ ነው
የከተማ መስፋፋት፣ የዱር እንስሳት መላመድና የአቃቂ ገበሬ አህያ

የአዲስ አበባ ከተማ ወደ ደቡብ እየሰፋች በሄደች ቁጥር በአቃቂ ዙሪያ የሚኖረው ገበሬ የሚያነሣው አቤቱታ በአብዛኛው ስለ መሬትና ስለ ካሣ ነው። ይህም ተገቢ ነው። ከዚሁ ጋር ግን በስብሰባ ቃለ ጉባኤ ላይ ብዙ ጊዜ የማይሰፍር፣ ሌሊት ደርሶ ጧት የሚታይ ሌላ ጉዳት አለ። ይኸውም ጅብ የሚበላው አህያ ነው።

አህያ የድሃ ገበሬ መኪና መሆኑ የታወቀ ነው። እህሉን ወደ ወፍጮ፣ ጭዱንና ኩበቱን ወደ ገበያ፣ ውሃውን ከወንዝ ወደ ቤት የሚያደርሰው እርሱ ነው። ኢትዮጵያም ብዙ አህያ በማርባት ከዓለም አገሮች በግንባር ቀደምትነት ትጠቀሳለች። በሬ ሲሞት ዕድሩና ጎረቤቱ ያዝናል፤ አህያ ሲበላ ግን «ጅብና አህያ የቆየ ጠላትነት ነው» ተብሎ ይታለፋል። ነገር ግን አህያውን ያጣው ቤተሰብ ሸክሙን አያጣም። ሸክሙ በማግሥቱ ወደ እናትየዋና ወደ ልጆቹ ጀርባ ይዞራል።

ከተማ ሲሰፋ አውሬ ይሸሻል የሚል እምነት በብዙዎች ዘንድ አለ። ጅብ ግን አልሸሸም። እንዲያውም ፋብሪካው፣ የጋራ መኖሪያ ቤቱና አስፋልቱ በመጡበት አቅጣጫ እርሱም አብሮ መጥቷል። እንግዲህ በገበሬ ማኅበራት መሪዎች ዘንድ ሊነሣ የሚገባው ጥያቄ «ጅብን እንዴት እንግደለው?» የሚለው ሳይሆን፣ «ጅቡን ከሰው ጋር ያላመደው ምንድን ነው? ዕዳውንስ የሚከፍለው ማን ነው?» የሚለው ነው።

የመሬቱ መልክ ሲለወጥ

አቃቂ ትልቁና ትንሹ አቃቂ የሚባሉት ሁለት ወንዞች የሚያቋርጡት ሜዳማ አገር ነው። ወንዞቹ ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ ተነሥተው ከተማውን ካቋረጡ በኋላ በአባ ሳሙኤል ሰው ሠራሽ ሐይቅ ተገናኝተው ወደ አዋሽ ይወርዳሉ። አፈሩ ጥቁር መረሬ ሲሆን፣ ጤፍ፣ ስንዴ፣ ሽምብራ፣ ምስርና ጓያ ያበቅላል።

የከተማና የእርሻ መገናኘት ለአቃቂ አዲስ ነገር አይደለም። የምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም አዲስ አበባ ሲገባ አቃቂ በሐዲዱ ላይ ጣቢያ ነበረች። ቀጥሎም የጨርቃ ጨርቅና የብረታ ብረት ፋብሪካዎች ተተክለውባታል። ያለፉት ሃያ ዓመታት ለውጥ ግን በስፋትም በፍጥነትም ከቀድሞው የተለየ ነው። በቱሉ ዲምቱ፣ በቂሊንጦና በኮዬ ፈጬ የጋራ መኖሪያ ቤቶች በእርሻ ማሳ ላይ ቆሙ። ከቱሉ ዲምቱ ተነሥቶ ወደ አዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ በ2007 ዓ.ም ለትራፊክ ተከፈተ። በ2009 ዓ.ም ደግሞ በኢንዶዴ ጣቢያ በኩል የሚያልፈው የአዲስ አበባ ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር ተመረቀ። በአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉትን ከተሞች አዋህዶ የተቋቋመው የሸገር ከተማም በ2015 ዓ.ም ሥራ ጀመረ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ጅብ ቀን ቀን የሚተኛባቸው ቦታዎች ጨርሰው አልጠፉም። የወንዝ ዳር ቁጥቋጦ፣ ጎርፍ የቦረቦረው ሸለቆ፣ ድንጋይ ወጥቶበት የተተወ ጉድጓድ፣ ገና ያልተሠራበት የታጠረ ቦታ መሸሸጊያ ይሆኑታል። በአንድ በኩል የከተማው ቆሻሻ፣ በሌላ በኩል የገበሬው በረት፣ በመካከሉ ደግሞ ይህ መሸሸጊያ አለ። ለጅብ ከዚህ የተሻለ ሰፈር አይገኝም።

ሁሉም እንስሳ እኩል አይላመድም

የከተማ መስፋፋት በዱር እንስሳት ሁሉ ላይ አንድ ዓይነት ውጤት አያመጣም። ጥላና ጸጥታ የሚፈልጉት፣ እንደ ሚዳቋ ያሉት፣ ቁጥቋጦው ሲመነጠር ይጠፋሉ። ሌሎቹ ደግሞ ከገበሬው ማሳ ጋር ተላምደው የኖሩ ስለሆኑ ማሳው ሲጠፋ አብረው የሚጎዱ ናቸው። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው በአባ ሳሙኤል አካባቢ ከመኸር በኋላ የሚታየው ክሬን የሚባለው ወፍ ነው። ይህ ረጅም አንገትና ረጅም እግር ያለው፣ ሽመላ የሚመስል ግራጫ ወፍ፣ እንደ ኢስቶኒያ ካሉ የሰሜን አውሮፓ አገሮች ክረምታቸውን ሸሽቶ ወደ ኢትዮጵያ ይመጣል። ቀን ቀን ከታጨደ ማሳ ላይ የወደቀ እህል ይለቅማል፤ ሌሊት ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ቆሞ ያድራል። ቃርሚያው በሌለበትና ረግረጉ በደረቀበት ቦታ ግን አይቆይም። አስፋልት አይበላም፤ ገንዳም አይቆፍርም።

ከነዚህ የተለየ ሦስተኛ ወገን አለ። ይህም የሰው ትርፍራፊ የሚያሳድረው ነው። በቄራና በቆሻሻ መጣያ አካባቢ እንደ ሽማግሌ ጎብጦ የሚቆመው አባ ኮዳ፣ ጥንብ አንሣው፣ ከሉካንዳ ደጃፍ ሥጋ የሚነጥቀው ጭልፊት፣ ባለቤት የሌለው ውሻና ጅብ በዚህ ወገን ይመደባሉ። በመስኖ አትክልት የሚያለማ ገበሬ የሚያማርረው፣ ሌሊት ድንችና ካሮት የሚቆፍረው ጃርትም ከዚህ አይርቅም።

ይህ ነገር በኢትዮጵያ ብቻ የሚታይ አይደለም። በእንግሊዝ አገር በለንደን ከተማ ቀበሮ በመኖሪያ ቤቶች ጓሮ መኖር ከጀመረ ብዙ አሥርት ዓመታት አልፈዋል። በህንድ በሙምባይ ከተማ ነብሮች ከከተማው ጋር በተያያዘው ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ እያደሩ ሌሊት በየሰፈሩ ውሻ ያድናሉ። በሦስቱም አገሮች አውሬው የተከተለው ሰውን ሳይሆን ሰው የተወውን ወይም ሳይጠብቅ ያስቀመጠውን ምግብ ነው።

ጅብ ለምን ተሳካለት?

ጅብ፣ የአቃቂ ኦሮሞዎች «ዋራቤሳ» የሚሉት፣ ፈሪ ጥንብ በል ብቻ ተደርጎ መታየቱ ስሕተት ነው። ሲያስፈልገው በመንጋ ያድናል፤ ሲቀልለው ደግሞ የሞተ ይበላል። መንጋውን የምትመራው ሴቲቱ ናት። በአንድ ጊዜ ብዙውን ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ግልገል ትወልዳለች፤ ከአንድ ዓመት በላይም ታጠባለች። መንጋጋው አጥንት ይሰብራል፤ ጨጓራው አጥንቱን ይፈጫል። ሌሎች አውሬዎች የማይችሉትን የበሰበሰ ሥጋ በልቶ ጤነኛ ሆኖ ያድራል። በአንድ ሌሊት ብዙ ኪሎ ሜትር መሄድ ስለሚችልም ቀን የተኛበትና ሌሊት የበላበት ቦታ የተራራቁ ሊሆኑ ይችላሉ። በዚህም ምክንያት «የማን ጅብ ነው?» ተብሎ በአንድ ቀበሌ ወሰን ሊታጠር አይችልም።

የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከውጭ አገር ባልደረቦቻቸው ጋር በትግራይ ያካሄዷቸው ጥናቶች በዚህ ጉዳይ ብዙ ትምህርት ይሰጣሉ። ተመራማሪዎቹ የጅብ ኩስ ሰብስበው በውስጡ ያለውን ጸጉር ሲመረምሩ፣ ያገኙት በአብዛኛው የቤት እንስሳ ጸጉር ነው። የዱር እንስሳ ጸጉር እጅግ ጥቂት ነበር። ጅቦቹም የሚሰባሰቡት በከተሞች ቆሻሻ መጣያ ዙሪያ መሆኑ ተረጋግጧል። ይህ ማለት ጅቡ ከዱር ወደ ሰው ሰፈር አልፎ አልፎ የሚመጣ እንግዳ መሆኑ ቀርቷል፤ በሰው ትርፍራፊና በሰው ከብት የሚኖር ጎረቤት ሆኗል።

የሁዳዴና የአህያ ነገር

ከጥናቶቹ ሁሉ ለገበሬ ማኅበራት መሪዎች ይበልጥ የሚጠቅመው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2012 የወጣው ነው። ጥናቱ የጅብ አመጋገብ በዐቢይ ጾም ወቅት እንዴት እንደሚለወጥ የመረመረ ነው። ከጾሙ በፊት ከተሰበሰበው የጅብ ኩስ ውስጥ የአህያ ጸጉር የተገኘበት 14.8 በመቶው ነበር። በጾሙ ጊዜ 33.1 በመቶ ደረሰ። ጾሙ ከተፈታ በኋላ ወደ 22.2 በመቶ ወረደ።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። በ55ቱ የጾም ቀናት ሉካንዳ ቤቶች ይዘጋሉ፤ በየቤቱም አይታረድም። ስለዚህ ለጅቡ የሚጣለው አጥንትና የሆድ ዕቃ ይቀንሳል። ጅቡ ግን አይጾምም። በፍስኩ ወራት ቆሻሻ እየበላ የተራባው መንጋ ምግቡ ድንገት ሲቋረጥ ወደ ቀረበው ሕያው ሥጋ ይዞራል። የቀረበውና ያልተጠበቀውም አህያ ነው።

በመቀሌ አካባቢ የተገኘው አኃዝ እንዳለ ተገልብጦ ለአቃቂ አይሰጥም። ይሁን እንጂ የነገሩ አካሄድ በአቃቂም የሚታወቅ ነው። ሁዳዴ የሚውለው ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ሲሆን፣ ይህም እህል ተወቅቶ ካበቃ በኋላ ከብትና አህያ በገለባውና በቃርሚያው ላይ የሚለቀቁበት ወቅት ነው። እረኛው ይዘናጋል፤ አህያ እግሩን ታስሮ ሜዳ ላይ ያድራል። እንግዲህ በከተማው ሥጋ ሲጠፋ፣ በገጠሩ ጥበቃ ሲላላ፣ ሁለቱ በአንድ ወቅት ይገጥማሉ ማለት ነው።

ከዚህ የሚወጣው ቁም ነገር ትልቅ ነው። የጅብ አደጋ በድንገት የሚደርስ መዓት ሳይሆን ቀኑ አስቀድሞ የሚታወቅ ነው። የቅበላ ሰሞን ገበሬው ለጾሙ ሽሮና በርበሬ እንደሚያዘጋጅ ሁሉ፣ ማኅበሩም በረትና ዘበኛ ማዘጋጀት ይችላል።

ጥቅሙም ይታሰብ

ጅብ ጉዳት ብቻ የሚያደርስ ቢሆን ኖሮ ውሳኔው ቀላል ይሆን ነበር። ነገር ግን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2021 የታተመ ሌላ ጥናት በመቀሌ ዙሪያ ያሉ ጅቦች በዓመት 207 ቶን ያህል የእንስሳት ጥምብና ትርፍራፊ በልተው እንደሚያነሡ ገምቷል። በዚህም ሥራቸው በየዓመቱ 5 ሰዎች፣ እንዲሁም 140 ከብቶች፣ በጎችና ፍየሎች በአባ ሰንጋና በከብት ሳንባ ነቀርሳ እንዳይያዙ ይረዳሉ፤ ለሕክምናና ለከብት ሞት ይወጣ የነበረ ከ52 ሺህ የአሜሪካ ዶላር በላይም ያድናሉ ሲል ጥናቱ አስልቷል።

በዚሁ ጥናት ውስጥ ብዙም ያልተነገረለት አንድ ሌላ አኃዝ አለ። ጅቦቹ የሚያነሡት ከሚጣለው ጠቅላላ የእንስሳት ቅሪት 4 በመቶ ገደማውን ብቻ ነው። የቀረው ለውሻ፣ ለአይጥ፣ ለዝንብና ለወንዙ የሚተርፍ ነው። ይህ አኃዝ ሁለት ነገር ያስተምራል። አንደኛ፣ ጅብ ጽዳት ሠራተኛ ነው ተብሎ የከተማውን ቆሻሻ ለእርሱ መተው አይቻልም። ሁለተኛ፣ ምግቡ እስከተረፈ ድረስ የተገደለውን ጅብ የሚተካ ሌላ ጅብ አይታጣም።

በሐረር ከተማ ሰውና ጅብ ከጥንት ጀምሮ ተላምደው መኖራቸው ብዙ ጊዜ እንደ ምሳሌ ይጠቀሳል። በጀጎል ግንብ ውስጥ ጅብ የሚያልፍባቸው ቀዳዳዎች አሉ፤ ከግንቡ ውጭም በየምሽቱ ሥጋ የሚሰጣቸው ሰዎች አሉ። ነገር ግን የሐረር ልማድ ሥርዓት ያለው ነው። ቦታው የታወቀ፣ ሰዓቱ የታወቀ፣ የሚያበላውም ሰው የታወቀ ነው። በአዳዲሶቹ የአቃቂ ሰፈሮች ግን ሥጋው የሚጣለው የትም ነው፤ ሰዓቱም አይታወቅም። ልማዱ ያለ ሥርዓት ሲሆን መላመድ መሆኑ ቀርቶ መዳፈር ይሆናል።

መርዝ መፍትሔ አይሆንም

አህያው የተበላበት ገበሬ ቁጣው የተፈጥሮ ነው። በቁጣውም በቀረው ሥጋ ላይ መርዝ ነስንሶ ሜዳ ላይ መተው ይመጣለት ይሆናል። የማኅበር መሪዎች ግን ከዚህ የሚከተለውን አስቀድመው ማስረዳት ይገባቸዋል። መርዙ ጅብን ከውሻ፣ ውሻን ከጥንብ አንሣ አይለይም። የገበሬው ዘበኛ ውሻ ይሞታል። አንድ የተመረዘ ጥምብ በላዩ የሰፈሩትን ብዙ ጥንብ አንሣዎች በአንድ ቀን ይፈጃል። የሞቱትን የበሉም ይሞታሉ። ዝናብ ሲመጣ የቀረው ከብት ወደሚጠጣበት ወንዝ ይወርዳል፤ ሜዳ ላይ የሚጫወት ሕፃንም አለ።

ጥንብ አንሣ ሲጠፋ የሚመጣውን በህንድ አገር የደረሰው ያሳያል። በዚያ አገር ለከብት ሕመም ማስታገሻ ይሰጥ የነበረ ዲክሎፌናክ የተባለ መድኃኒት በሞተው ከብት ሥጋ ውስጥ እየቀረ ጥንብ አንሣዎቹን መረዘ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1990ዎቹ ጀምሮ ከዋና ዋናዎቹ የጥንብ አንሣ ዓይነቶች ከ95 በመቶ በላይ አለቁ። መድኃኒቱ ለከብት እንዳይሰጥ በ2006 ቢከለከልም ጥፋቱ አስቀድሞ ደርሶ ነበር። ጥምቡን የሚያነሣው ሲጠፋ ባለቤት የሌላቸው ውሾች በሚሊዮን በዙ። ከውሾቹም ጋር ንክሻና የእብድ ውሻ በሽታ በዛ። ህንዶች መርዙን ያሰራጩት አስበው አልነበረም፤ አስቦ መርዝ የሚያስቀምጥ ሰው ግን ያንኑ መንገድ እያወቀ ይጀምረዋል።

«ታጣቂ መጥቶ ይግደልልን» የሚለው ጥያቄም በራሱ ብቻ ብዙ አያራምድም። ገንዳው ሞልቶ እስከፈሰሰ፣ የታረደ ከብት የሆድ ዕቃም በየወንዙ ዳር እስከተጣለ ድረስ የተገደለው ጅብ ቦታ ባዶ አይቀርም። ሰውን የለከፈ ወይም ያበደ የሚመስል ጅብ ሲኖር ግን ጉዳዩ የተለየ ነው፤ ለሚመለከተው አካል ወዲያው ማመልከት ያስፈልጋል።

ዕዳው የማን ነው?

የነገሩ ፍሬ እዚህ ላይ ነው። ሥጋውን የሚበላው ከተማው ነው። አጥንቱንና የሆድ ዕቃውን የሚጥለውም ከተማው ነው። በዚያ የተራባው መንጋ በጾም ወቅት የሚያስከፍለው ግን ገበሬውን ነው። በሌላ አነጋገር፣ የከተማው ቆሻሻ ወጪ በከፊል በገበሬው አህያ እየተከፈለ ነው። ይህ ወጪ በየትኛውም በጀት ላይ ስለማይጻፍ ማንም አያየውም።

የደረቅ ቆሻሻ አያያዝን የሚመለከት አዋጅ ቁጥር 513 በ1999 ዓ.ም በወጣ ጊዜ የቆሻሻ አያያዝ የከተማ አስተዳደሮች ኃላፊነት መሆኑ በሕግ ተደንግጓል። ቆሻሻ ያለ አግባብ ሲከማች ምን እንደሚያስከትል ደግሞ መጋቢት ወር 2009 ዓ.ም መጀመሪያ ላይ በአዲስ አበባ በቆሼ የደረሰው የቆሻሻ ክምር መደርመስ ከ100 በላይ ሰዎችን ገድሎ አሳይቷል። የአቃቂ ጉዳይ ከዚህ ያነሰ ይምሰል እንጂ ሥሩ አንድ ነው። ከተማ የጣለው ነገር የሚያርፈው ሁልጊዜ በድሃው ደጃፍ ነው።

ይሁን እንጂ ዕዳውን ሁሉ ወደ ከተማው ማዞርም እውነቱን አያሟላም። የቆሰለና ያረጀ አህያ ከእንግዲህ አይጠቅምም ተብሎ በመንገድ ዳር ሲለቀቅ ይታያል። የሞተ ከብት ከመንደር ጥቂት ራቅ ተደርጎ ሜዳ ላይ ይጣላል። ጅብ አህያ መብላት ቀላል መሆኑን የሚማረው ከነዚህም ነው። እንግዲህ ገበሬው ከተማውን ለመጠየቅ የሚበቃው በራሱ በኩል ያለውን ሲያስተካክል ነው።

ማኅበራት ሊያደርጉት የሚችሉት

ዛሬም በሕዝቡ አንደበት «ገበሬ ማኅበር» እየተባሉ የሚጠሩት የገጠር ቀበሌዎች መሪዎች፣ ከግብርና ልማት ሠራተኞችና ከእንስሳት ጤና ባለሙያዎች ጋር በመሆን ከዚህ የሚከተሉትን ቢፈጽሙ ውጤት ሊያገኙ ይችላሉ።

በመጀመሪያ፣ አህያ ሌሊት በረት ይግባ። እግሩ ታስሮ ሜዳ ላይ ያደረ አህያ መሮጥም መራገጥም አይችልም። በረቱ ከሥሩ በድንጋይ የተደገፈ ይሁን፤ ጅብ ከላይ ከመዝለል ይልቅ ከሥር መቆፈርና በቀዳዳ መሹለክ ይቀናዋልና። ከላይ በእሾህ ይታጠር፤ መዝጊያውም የጠበቀ ይሁን። ለብቻው በረት መሥራት የማይችል ባለ አንድ አህያ ድሃ ገበሬ ወይም ባሏ የሞተባት ሴት ካለች፣ አምስት ስድስት ቤተሰብ በደቦ አንድ በረት መሥራት ይችላል። ዘበኝነቱም በተራ ይሆናል።

ሁለተኛ፣ ሥራው በወቅት ይመራ። የበረት ምርመራ ከቅበላ በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት ይካሄድ። በጾሙ ወራት ከብት ጀንበር ሳትጠልቅ እንዲገባ በማኅበሩ ስብሰባ ይወሰን። የሽምብራ እሸት የሚጠብቁ ልጆችም በሌሊት ብቻቸውን ሜዳ ላይ እንዳያድሩ መደረግ አለበት።

ሦስተኛ፣ የሞተ ከብት አይጣል። በተለይም ሳይታመም በድንገት የሞተ፣ ከአፍንጫው ወይም ከሌላ ቀዳዳው ያልረጋ ጥቁር ደም የሚፈሰው ከብት አባ ሰንጋ ይዞት ሊሆን ስለሚችል አይታረድ፣ አይገፈፍ፣ አይበላ። ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ይነገር፤ ሁለት ሜትር ያህል በጠለቀ ጉድጓድም ኖራ ተነስንሶበት ይቀበር፤ ከላዩም ድንጋይ ይከመር። ጅብ ያንን ሥጋ በልቶ በሕይወት ሊያድር ይችላል። ደሙ በፈሰሰበት አፈር ውስጥ የሚቀረው የበሽታ ዘር ግን ለአሥርት ዓመታት ስለሚቆይ፣ የዛሬው ቸልተኝነት የልጅን ከብት የሚገድል ነው።

አራተኛ፣ ስለ እብድ ውሻ በሽታ ይነገር። ጅብም እንደ ውሻ በዚህ በሽታ ሊያዝ ይችላል። ቀን በቀን ሰው ሳይፈራ የሚመጣ፣ ያገኘውን ሁሉ የሚነክስ ጅብ ከታየ ሊያባርሩት መቅረብ አይገባም። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ለ15 ደቂቃ ያህል በብዙ ውሃና በሳሙና ታጥቦ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም። የቤት ውሾችንም ማስከተብ የማኅበሩ የዘወትር ሥራ ሊሆን ይገባዋል።

አምስተኛ፣ ጉዳቱ ይመዝገብ። የተበላው አህያ የማን እንደነበረ፣ በየትኛው ቀን፣ በየትኛው ሰፈር፣ በበረት ወይስ በሜዳ እንደተበላ በአንድ ደብተር ይጻፍ። ያለ ቁጥር የሚቀርብ አቤቱታ ልቅሶ ተብሎ ይታለፋል፤ በቁጥር የቀረበ ግን መልስ ያስፈልገዋል። ደብተሩ ለማኅበሩም ይጠቅማል። የሁለት ሁዳዴ መዝገብ ጎን ለጎን ሲነበብ የትኛው ሰፈር እንደተጎዳና የትኛው በረት እንደሠራለት ይታያል።

ስድስተኛ፣ ከከተማው ጋር ንግግር ይከፈት። በጋራ መኖሪያ ቤቶቹ የነዋሪዎች ማኅበራት አሉ፤ ወረዳና ክፍለ ከተማም አለ። የገበሬው ጥያቄ አጭርና የሚፈጸም ሊሆን ይገባል። በእርሻ ዳር የተቀመጡ ገንዳዎች ሳይመሽ ይነሡ፤ የሉካንዳና የበዓል እርድ ቅሪት በወንዝ ዳር አይጣል፤ በመንገድ ላይ በመኪና የተገጩ እንስሳትም በዕለቱ ይነሡ። ይህን መጠየቅ ልመና አይደለም። የነዋሪዎቹም ልጆች በዚያው መንገድ በጨለማ ወደ ትምህርት ቤትና ወደ ሥራ ስለሚሄዱ ጥቅሙ የጋራ ነው።

የሚጠበቀው ውሳኔ

የአቃቂ ሜዳ ወደ ቀድሞው መልኩ ይመለሳል ብሎ የሚጠብቅ የለም። ከተማው ይሰፋል፤ ጅቡም ከከተማው ጋር ይኖራል። ሊለወጥ የሚችለው የሚኖርበት ርቀት ነው። ምግቡ በሥርዓት ከተያዘ ጅቡ በሌሊት አልፎ የሚሄድ አውሬ ሆኖ ይቀራል። ምግቡ በየደጃፉ ከተበተነ ግን ደጃፍ ላይ ይከርማል።

ለዚህ የሚያስፈልገው ድንጋይ፣ እሾህ፣ አንድ ደብተርና ከቅበላ በፊት የሚጠራ አንድ ስብሰባ ነው። አህያው ከተበላ በኋላ የሚጠራ ስብሰባ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የተባለው እንዳይሆን የማኅበር መሪዎች ከአሁኑ ሊያስቡበት ይገባል።